ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ብሬከር አመራረጥ የወጣውን ምክር ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልቦና ተነሥተው እንደጻፉት አልጠራጠርም። አንባቢው በአንድ መስመር ላይ የሚሰካቸውን ዕቃዎች ዋት ደምሮ ለ220 ቮልት እንዲያካፍል፣ በሚያገኘው አምፔር ልክ ብሬከር እንዲገዛ፣ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ከወደቀበት ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው እንዲተካው ይመክራሉ። የመጀመሪያው ስሌት ትክክል ቢሆንም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው፤ የመጨረሻው ምክር ግን ቤት ሊያቃጥል የሚችል በመሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ብዙ ዓመት እንደቆየ ሰው አይቼ እንዳላየሁ ላልፈው አልቻልኩም።

በጠቅላላው ጽሑፍ ውስጥ «ሽቦ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልተጻፈም። ቅሬታዬ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ብሬከር የሚገጠመው ምድጃው ወይም ማቀዝቀዣው እንዳይቃጠል ይመስለዋል። በቤት ውስጥ የምንገጥመው ብሬከር ግን ዋና ሥራው በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ተቀብሮ የማናየው ሽቦ ከሚችለው በላይ እንዳይሞቅ መከላከል ነው። ስለዚህ ብሬከር ሊገዛ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ከብሬከሩ ሥር የሚወጣው ሽቦ ስንት ካሬ ሚሊሜትር እንደሆነና እንዴት እንደተዘረጋ ነው። ቅደም ተከተሉም አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃዎቹ የሚስቡት አምፔር ከብሬከሩ አይበልጥም፣ ብሬከሩም ሽቦው ከሚሸከመው አይበልጥም።

ጽሑፉ ራሱ የሰጠውን ምሳሌ ልውሰድ። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ፣ 2,500 ዋት ምድጃና 1,000 ዋት ካውያ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ድምራቸው 5,500 ዋት ነው፤ ለ220 ሲካፈል ልክ 25 አምፔር ይወጣል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይገዛ ብለው አበቁ። ነገር ግን የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ይህ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሽቦ በግድግዳ ላይ በተገጠመ ቱቦ ውስጥ ብቻውን ሲያልፍና የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የሚሸከመው 24 አምፔር ነው። በዚያው ቱቦ ሌላ መስመር አብሮት ካለፈ ከዚህ 80 በመቶው ብቻ ይቀራል፤ ከጣሪያው ሥር የሚያልፍበት ቦታ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ከቀረው ላይ 13 በመቶ እንደገና ይነሣል። ሁለቱ ምክንያቶች ሲገጣጠሙ 24 የነበረው ወደ 17 ገደማ ይወርዳል። እኛ የሙያው ሰዎች 2.5 ሽቦን ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ማጣመርን እንደ ልማድ የያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን የሚያባብስ፣ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ግን እምብዛም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ባለ 25 አምፔር ብሬከር 25 አምፔር ሲያልፍበት አይወድቅም። የቤት ብሬከሮች የሚሠሩበት 60898 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚያዘው፣ ብሬከሩ በላዩ ከተጻፈው 1.13 እጥፍ ሲያልፍበት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይወድቅ መቆየት አለበት፤ 1.45 እጥፍ ሲያልፍበት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውደቅ አለበት። በሌላ አነጋገር ባለ 25ቱ ብሬከር 28 አምፔር ሲያሳልፍ ቢውል ጥፋተኛ አይባልም፤ 36 አምፔር ሲያልፍበትም ሊታገሥ የሚችለው እስከ አንድ ሰዓት ነው። በሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፔሩ ስኩዌር በመሆኑ፣ 17 አምፔር ብቻ መሸከም የሚችል ሽቦ 28 ሲያልፍበት የሚያመነጨው ሙቀት ከተፈቀደለት ከሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። የሽቦው ፕላስቲክ ሽፋን የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል ነው። ከዚያ በላይ ወዲያው አይነድም፤ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል ይገናኛሉ።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ደንበኛ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ማታ ማታ እየወደቀ እንዳስቸገረው ነገረኝ። ሳጥኑን ከፍቼ 16ቱን ነቀልኩና 32 አስገባሁለት፤ ብሬከሩም መውደቁን አቆመ። አመሰገነኝ፣ እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ሄድኩ። ከወራት በኋላ ግድግዳው አካባቢ ሽታ አለ ብሎ ጠራኝ። ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን የጀንክሽን ቦክስ ክዳን በካቻቪቴ ስፈታው ነጭ የነበረው የሽቦ ሽፋን ቡናማ ሆኗል። አንዱን በጣቴ ጎንበስ ባደርገው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረና መዳቡ ራቁቱን ቀረ። አጠገቡ ያለው ሽቦም እንዲሁ ነበር፤ በሁለቱ ራቁት መዳቦች መካከል የነበረው ርቀት የአንድ ጣት ውፍረት አይሞላም። በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ብሬከሩ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም፤ እንዳይወድቅ አድርጌ የገጠምኩት እኔ ነኝና። ጽሑፋችሁን ሳነብ ትዝ ያለኝ የዚያ ሽቦ ስብራት ድምፅ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከብሬከር በፊት በነበረው ፊውዝ ዘመን፣ ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ከቀጭኑ የፊውዝ ሽቦ ይልቅ ያገኙትን ወፍራም ሽቦ ጠምጥመው የሚመልሱ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የምንጠቀምበት ዓይነት ትንሽ ብሬከር በጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትስ ፈጣሪነት በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት ሲሰጠው፣ ከጥቅሞቹ አንዱ ከእያንዳንዱ ብልሽት በኋላ የሚለወጥ ነገር ሳይኖር በጣት መልሶ ማንሳት መቻሉ ነበር። በፊውዙ ላይ ወፍራም ሽቦ የመጠምጠሙ ጠባይ ግን አልቀረም፤ መልኩን ለውጦ «ከፍ ያለውን አስገባ» ሆነ። ማንሻው እንዳይወርድ በናስትሮ አሥረው ያቆሙትንም አይቻለሁ። ይህኛው ቢያንስ ጉዳቱ የከፋ አይደለም፤ ደረጃውን የጠበቀ ብሬከር ማንሻው ተይዞም ቢሆን በውስጡ ስለሚለቅቅ መስመሩን መቁረጡ አይቀርም።

ታዲያ ብሬከር ቶሎ ቶሎ ሲወድቅ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቅበት ጊዜ ይታይ፤ ይህ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። በብሬከሩ ውስጥ በአንድ መንገድ የማይሠሩ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስስ ቅጠል ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሲያሞቀው ቀስ ብሎ እየጎበጠ ማንሻውን ይለቅቃል። ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ድንገተኛና ከፍተኛ አምፔር ሲመጣ ማግኔት ሆኖ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ስለዚህ ብሬከሩ ገና ከመነሣቱ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ኮንታክት አለ፣ ማለትም መገናኘት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተዋል ማለት ነው፤ ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ አንድ ጊዜ ማንሣት፣ አሁንም ከወደቀ ከዚያ በኋላ መደጋገሙን ትቶ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው ጭነት ነው። እዚህ ላይ መፍትሔው ጭነቱን መከፋፈል ነው፤ ምድጃውና ውሃ ማሞቂያው ከሳጥኑ የሚነሣ የየራሳቸው መስመር ይዘረጋላቸዋል።

ለዚህ ዓይነቱ መስመር ትክክለኛው ስሌት ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። 6,000 ዋት የሚስብ ምድጃ በ220 ቮልት ከ27 አምፔር ትንሽ በለጥ ያለ ይፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መደበኛ ብሬከር 32 ነው። 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቱቦ ውስጥ ብቻውን ሲያልፍ 41 አምፔር ይሸከማል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ነው ብለን ብንቀንስለት እንኳ 35 ይቀረዋል። 27፣ 32፣ 35፤ ሦስቱ ቁጥሮች በዚህ ቅደም ተከተል ሲቀመጡ ምድጃውም ይሠራል፣ ሽቦውም አይጎዳም። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሙቀት የሚሸከመው ከ28 ስለማይበልጥ፣ 32 አምፔር ብሬከር ሊገጠምለት አይችልም ነበር። ለመብራት ብቻ የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ደግሞ 10 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል፤ አምፖሎች ከዚህ የሚያልፍ ነገር አይስቡም።

ከጭነት ሌላ፣ ዘግይቶ ለሚወድቅ ብሬከር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምክንያት አለ፤ የላላ ብሎን። ሽቦው ብሬከሩ ውስጥ የሚገባበት ብሎን በደንብ ካልጠበቀ መገናኛው ራሱ ይሞቅና ያ ሙቀት ወደ ስሱ ቅጠል አልፎ ጭነቱ ሳይበዛ ብሬከሩን ይጥለዋል። ያን ጊዜ ብሬከሩን በትልቁ መለወጥ ማለት፣ የላላውን ቦታ የሚያመለክተውን ብቸኛ ምልክት ማጥፋት ነው። እንዲያውም የላላ መገናኛ ከብሬከሩ ርቆ ሶኬት ላይ ሲሆን ብሬከር ጨርሶ አያውቀውም፤ የሚያልፈው አምፔር መጠኑን ስላልዘለለ እሳቱ እዚያው እየተጫረ ማንሻው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠቆር ያለ ወይም የሚሞቅ ሶኬት ያየ ሰው ብሬከሩን ተማምኖ እንዳይተኛ።

ሦስተኛው ዓይነት አወዳደቅ አንድ ሞተር ያለው ዕቃ ገና ሲነሣ ነው። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ አምፔር ይስባል፤ ይህም በአምፔር ቁጥሩ ፊት የተጻፈውን ፊደል እንድንመለከት ይጋብዘናል። ጽሑፋችሁ ፊደሉን አላነሣውም፤ ብዙ ገዢም አያየውም። «ቢ» የተጻፈበት ብሬከር ድንገት የሚያልፍበት አምፔር በላዩ ከተጻፈው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ፣ «ሲ» የተጻፈበት ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ «ዲ» የተጻፈበት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ሲደርስ በቅጽበት ይቆርጣል። ሞተሩ ባለ 16 «ቢ» ብሬከር የሚጥል ከሆነ አምፔሩን ወደ 25 ማሳደግ አያስፈልግም፤ ያው ባለ 16 ሆኖ «ሲ» ቢሆን ሽቦው እንደተጠበቀ ሞተሩ ይነሣል።

ይሁን እንጂ «ሲ» ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለውን በሻጮች ዘንድ የተለመደ አነጋገርም አልቀበለውም። ከሳጥኑ ርቆ በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ መስመር መጨረሻው ላይ ፌዙ ከመሬት ሽቦው ጋር ቢገናኝ፣ የሽቦው የራሱ ተቃውሞ የሚያልፈውን አምፔር ይገድበዋል። የደርሶ መልሱ ተቃውሞ በጠቅላላው 1.8 ኦም ቢሆን በ220 ቮልት የሚያልፈው 122 አምፔር ነው። ባለ 16 «ቢ» ብሬከር 80 አምፔር ላይ መቁረጡ የተረጋገጠ ስለሆነ ወዲያው ይወድቃል። ባለ 16 «ሲ» ግን መቁረጡ የሚረጋገጠው 160 ላይ ነው፤ በ122 አምፔር ሊቆርጥም ላይቆርጥም ይችላል፣ ካልቆረጠ ነገሩ ለዚያ ቀስ ብሎ ለሚጎብጠው ቅጠል ይተዋል። የዕቃው ብረት አካል በዚያ ሁሉ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። እንግዲህ ረጅም መስመር ያለው ቤት ፊደሉን ከመምረጡ በፊት በመለኪያ መሣሪያ መለካት አለበት፤ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

በብሬከሩ ፊት በአራት ማዕዘን ውስጥ የሚጻፈው 3000፣ 4500፣ 6000 ወይም 10000 የሚለው ቁጥርም አምፔር ነው። ኮንታክት ሲፈጠር ብሬከሩ ሳይፈነዳና መገናኛዎቹ ሳይበየዱ ሊቆርጠው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ያመለክታል። ለትራንስፎርመር ቅርብ የሆነ ቤት ከፍ ያለውን ይፈልጋል።

በጽሑፋችሁ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ሌላው ዐረፍተ ነገር «ትክክለኛ ብሬከር ቤተ ሰብዎን ከኤሌክትሪክ አደጋ ይጠብቃል» የሚለው ነው። ተራ ብሬከር ሰውን በኤሌክትሪክ ከመያዝ አያድንም። በሰው አካል ውስጥ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ለጥቂት ጊዜ ቢያልፍ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ ከ500 እጥፍ በሚበልጥ መጠን ላይ ነው። ሰው ተይዞ እየተንቀጠቀጠ ብሬከሩ ምንም የተፈጠረ ነገር እንዳለ አያውቅም። የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም በሆነበት ቤት ፌዙ ከማጠቢያ ማሽኑ አካል ጋር ቢገናኝ እንኳ የሚያልፈው 11 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ 16ቱ ብሬከር ማሽኑ የተለመደ ሥራውን እየሠራ ይመስለዋል።

ለዚህ የተሠራው ሊኬጅ የምንለው ብሬከር ነው። በፌዙ የወጣውን በኒውትራሉ ከተመለሰው ጋር ያስተያያል፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ስለሆነ ይቆርጣል። ለሶኬቶችና ለመታጠቢያ ቤት የሚመረጠው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው። ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ላላቸው እንደ ልብስ ማጠቢያ ላሉ ዕቃዎች «ኤ» የሚባለው ዓይነት ከ«ኤሲ» ይመረጣል፤ ከእነዚህ ዕቃዎች የሚሾልከው ኤሌክትሪክ ሞገዱ የተቆራረጠ ሊሆን ስለሚችል «ኤሲ» ላያየው ይችላል። ሊኬጅ ብቻውን ጭነት መብዛቱንም ሆነ የፌዝና የኒውትራልን ኮንታክት አይለይም፤ ወይ ከተራ ብሬከር ጋር አብሮ ይገጠማል ወይም ሁለቱን ሥራ አጣምሮ የያዘው ይገዛል። በላዩ ያለችው መሞከሪያ ቁልፍም ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ተጭኗት መስመሩ መቋረጡን የሚያረጋግጥ ስንት የቤት ባለቤት እንዳለ እጠይቃለሁ፤ በሥራዬ ካገኘኋቸው አብዛኞቹ ቁልፏ መኖሯን እንኳ አያውቁም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም። ከላይ ያልኩት ሁሉ የተመሠረተው ሽቦው 2.5 ወይም 6 ተብሎ የተገዛው በእርግጥ ያን ያህል ነው በሚለው እምነት ላይ ነው። አንድ ጊዜ 2.5 ተብሎ የቀረበልኝን ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ሽፋኑን ልጬ በካሊፐር ብለካው የመዳቡ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ሆነ። ትክክለኛው 2.5 ውፍረቱ 1.78 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የተሸጠልኝ 1.8 ካሬ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ምንም አይመስልም። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አምኖ 16 አምፔር የሚገጥም ሰው ሳያውቀው እኔ በልጅነቴ የሠራሁትን ስህተት በትንሹ ይደግመዋል።

የዓምዱን ምክር ቆርጠው ሳጥናቸው ላይ የለጠፉ አንባቢዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ከወደቀ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይተኩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስህተት መሆኑ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም፣ ቀድሞ ብሬከራቸውን ያሳደጉ ሰዎችም የሽቧቸው መጠን እስኪጣራ ድረስ የቀድሞውን እንዲመልሱ እንዲነገራቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ